የፊቱ ጎማ

«የመጨረሻ!» አለች እስከዳር፤ ይህን ስትል ግን አምስተኛዋ ይሁን ስድስተኛዋ እሷም አታውቀውም። መዶሻውን ከፍ አድርጋ የፍሬኑን ዲስክ ጠርዙ ላይ መታችው። ብረቱ ጮኸ፣ የጎረቤት ውሻም ተከትሎ ጮኸ፣ ቀይ የዝገት ዱቄት በአሮጌው የዩኒፎርም ሹራቧ ላይ ረገፈ። ዲስኩ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ምን እንደመሰልሽ ታውቂያለሽ?» አለች ሂዊ። ሂዊ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተማረች ጓደኛዋ ናት፤ የተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ፣ የምታጠና እንድትመስል የሒሳብ መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታለች። «የጋራዥ ጎረምሳ! ፀጉርሽን ብትቆረጪ ኖሮ መንገድ ላይ ሰው እያስቆመ ዘይት ቀይርልኝ ነበር የሚልሽ።»

«ከምትቀልጂ ያንን ነጭ ጋዝ አቀብይኝ።»

«ገና ልትጨምሪበት ነው? ብረቱ እኮ ጠጥቶ ሰከረ።»

እስከዳር ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ሳቋን ሰብስባ ወደ ቤቱ በር ዞር አለች። በዚህ ግቢ ውስጥ ድምፅ አውጥቶ መሳቅ ከቀረ ዓመት አልፎታል፤ ሳቅ እንኳ እንደ ስርቆት ያስደነግጣል። እናቷ ሥራነሽ ግን ቤት የለችም። ዕለቱ ሚካኤል ስለሆነ ከቅዳሴ በኋላ በዚያው ወደ ማኅበር ሄዳለች።

የአባቷ ኮሮላ ነጭ ናት፤ ወይም ነበረች። አባቷ በሠራላት የቆርቆሮ ዳስ ሥር ዓመት ሙሉ ቆማ አቧራ ለብሳለች፤ የፊት ጎማዎቿም አልዞር ብለዋል። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰው ከደብረ ወርቅ ሊወስዳት ይመጣል። ሰውየው መኪናዋን አይቶ ወድዷታል፤ ያስቀመጠው ቃል ግን አንድ ነው፤ በራሷ ጎማ ተንከባልላ ከግቢ ካልወጣች ስምምነቱ ፈርሷል። ሥራነሽ ደግሞ «ከዓይኔ ሥር ትጥፋልኝ» ማለት የጀመረችው ከባሏ ቀብር ማግስት ነው። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ የሟች ዕቃ አይወጣም ብለው ዘመዶች ስለያዟት እንጂ ያኔውኑ በሰጠቻት ነበር።

መካኒክ ለምን አይጠራም ብሎ የሚጠይቅ ሥራነሽን አያውቃትም። «የማርቆስ መካኒክ ሁሉ የይታያል ወዳጅ ነው» አለች፤ የባሏን ወንድም ማለቷ ነው። «የእሱ ወዳጅ እግር ይህን ግቢ ከሚረግጥ መኪናዋ እዚሁ ትበስብስ!» ስለዚህ እስከዳር «እኔ እፈታዋለሁ» አለች። ለነገሩ ባዶ ጉራ አልነበረም። አባቷ መኪና ሥር በተጋደመ ቁጥር ቁልፍ የምታቀብለው እሷ ነበረች፤ ሳይጠይቃት የትኛው ቁልፍ እንደሚያስፈልገው እስክታውቅ ድረስ።

«እስኩ» አለች ሂዊ መጽሐፏን እየዘጋች። «አጎትሽ ሹፌር አይደል? ለምን እሱን አትጠይቂውም?»

«ሂዊ!»

«ምን? ብረቱ የእናንተን ጠብ አያውቅ።»

እስከዳር መዶሻውን መልሳ አነሣች። ሂዊም ነገሩ እንዳመማት ገብቷት፣ «በቃ ትቼዋለሁ፤ እናቴ ትፈልገኛለች» ብላ ሄደች። ጀሪካኗ ባዶዋን ቀረች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አምና ክረምት ቤንዚን ከከተማው ድራሹ ጠፋ። የእስከዳር አባት ጌቱ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ በዚህችው ኮሮላ ከጮቄ ተራራ ሥር እስካለችው ሮብ ገበያ ድረስ እየወጣ፣ በየማሳው ሲዞር ውሎ ጫማው ጭቃ እንደለበሰ የሚመለስ ሰው። ቤንዚን ሲጠፋ መኪናዋ ቆመች። ለመጨረሻ ጊዜ የነዳት የጌቱ ታናሽ ወንድም ይታያል ነበር። ለጉዳይ ተውሷት፣ መልሶ አምጥቶ ዳሱ ሥር አቆማት፤ የእጅ ፍሬኗንም ጥርቅም አድርጎ ስቦ ሄደ። ጌቱ ደግሞ በክረምት የእጅ ፍሬን መሳብ አይወድም። «ማርሽ አስገባ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ፣ በቃ። የእጅ ፍሬን ክረምት ላይ ይይዛል» ማለት ልማዱ ነበር። ይህን ምክር ሥራነሽም እስከዳርም በቃላቸው ያውቁታል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት፣ ጌቱ ፊቱን ሊታጠብ ወጥቶ ደረቱን ይዞ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ውሃው ከእጁ ተደፋ። ይታያል ተጠርቶ እየሮጠ መጣ፤ የእሱ ሚኒባስ ነዳጅ ወረፋ ላይ ነበር። ለክፉ ቀን ተብላ የተቀመጠች ቤንዚን ነበረችና ታንከሩ ውስጥ ጨመሯት፤ ሞተሩም ተነሣ። መኪናዋ ግን እንደ ግትር በቅሎ መሬቱን ቆንጥጣ ቀረች። ጎረቤት ተጠራርቶ ገፋ። ይታያል የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ፣ ሳበ፣ ደግሞ ለቀቀ። ከዚያ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ «ይዟል!» አለ።

ያችን አንዲት ቃል ሥራነሽ ሰማች። ባጃጅ እስኪገኝ፣ ባጃጇም ከጭቃው እስክትወጣ ድረስ ቃሏ ጆሮዋ ውስጥ ነበረች። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ጌቱ አልፏል።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ሥራነሽ ተነሥታ ጣቷን ቀሰረችበት። «አትሳብ እያለህ! በክረምት አትሳብ እያለህ! ወንድምህን በገዛ እጅህ ገደልከው!» ይታያል አቀርቅሮ ሰማት እንጂ አንዲት ቃል አልመለሰም። ዝም ማለቱን ሰው እንዳመነ ቆጠረው። ከዚያ ወዲህ ግቢውን አልረገጠም። በሙት ዓመቱ ዕለት እንኳ ከአጥሩ ውጭ ከለማኞቹ ጋር ቆሞ ውሎ፣ ፍትሐቱ ሲያልቅ ሳይቀምስ ሄዷል።

ሥራነሽ ከባሏ ጋር ቆራቢ ነበረች። ንስሐ አባቷ አባ ወልደ ሚካኤል «ልጄ፣ ሳትታረቂ እንዴት ትቆርቢያለሽ? ይቅር በይው» ቢሏት «እንግዲያው አልቆርብም» አለቻቸው። እንዳለችውም አደረገች። ቅዳሴው ቁርባን ላይ ሲደርስ ነጠላዋን ተከናንባ ትወጣለች።

እስከዳርም ብትሆን ከእናቷ አታንስም። የአጎቷን ሚኒባስ ከሩቅ ስታይ ወደ ማዶ ትሻገራለች። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቋት «እስኩዬ» ሲላት እንደማታውቀው ሰው አልፋው ሄዳለች። ልጅ ሆና ትከሻው ላይ ተሸክሞ ጥምቀተ ባሕር የሚወስዳት እሱ ነበር። በዓለም ላይ ከአባቷ ቀጥላ የምትወደው ሰው ስለነበር ጥላቻውም ያንኑ ያህል ከበዳት።

ዝገቱን በእጇ ዳበሰችው። እንደ እከክ ተነሥቷል። ፍሬኑን ከዲስኩ ማላቀቁ ሆኖላታል፤ ዲስኩ ራሱ ግን በዝገት ስላበጠ መልሳ ብትገጥመው ያው መልሶ ይይዘዋል። አውጥታ ቶርኖ ቤት ወስዳ ዝገቱን ማስላጥ አለባት። ለማውጣት ደግሞ መዶሻም ነጭ ጋዝም አልበገሩትም። ጠዋት በክሪክ አንሥታ የሞከረቻቸው የኋላ ጎማዎች ግን ገና በጣቷ ስትነካቸው ነበር የተሽከረከሩት። ዓመት ቆሞ ዝገቱ ለቆ ይሆናል ብላ አለፈችው።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ መዶሻውን ጣለችው። እጇን በኦሞ አሽታ ታጠበች፤ ጥቁሩ ግን ከጥፍሯ ሥር አልወጣም። ሰኞ ሊደርስ ነው፤ ሂዊ እንዳለችውም ከአጎቷ ሌላ የምትጠይቀው ሰው የላትም። የግቢውን በር ዘግታ ወደ መናኸሪያ ወረደች።

ይታያል ተራ እየጠበቀ የሚኒባሱን መስታወት ሲወለውል አገኘችው። ሲያያት ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች እስከዳር፤ ለቢሮ ሰው እንደሚባል። «የፍሬን ዲስክ አልወጣ ብሎኝ ነው። እንዴት እንደሚወጣ እንዲነግሩኝ ብዬ ነው።»

እንዲነግሩኝ! «ጋሼ፣ ና፣ ሂድ» ስትለው ያደገችው ልጅ አንቱ አለችው። ይታያል አንቱታዋን እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠው።

«እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ዲስኩን ማን ነው የሚፈታው?»

«እኔ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ይታያል ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። «የጌቱ ልጅ» አለ፤ ከዚያ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «ጠርዙን መተሽዋላ?»

«አዎ።»

«ተይ፣ ይሰነጠቅብሻል። ዲስኩ ፊት ላይ ቡለን የሚይዝ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ዝገት ስለደፈናቸው አላየሻቸው ይሆናል፤ በምስማር ጥረጊያቸው። ከዚያ ሁለት ቡለን ታስገቢባቸዋለሽ። አንዱን ትንሽ ታጠብቂያለሽ፣ ሌላውን ትንሽ ታጠብቂያለሽ፤ እንዲህ ተራ በተራ። ቡለኖቹ ከኋላ ያለውን ብረት ሲገፉ ዲስኩ ራሱ ወደ አንቺ ይመጣል። አንዱን ብቻ ካጠበቅሽ ግን ያጋድላል። አትቸኩይ። ሲለቅ ደግሞ ይጮኻል፤ እንዳትደነግጪ።»

ከመቀመጫው ሥር አንድ ጣሳ አወጣና ዳዶና ቡለኑን እያንኳኳ የሚሆናትን ይፈልግ ጀመር። አባቷም ሲፈልግ እንዲሁ ነበር የሚያንኳኳው። እስከዳር ላለማልቀስ የሆነ ነገር መናገር ነበረባት።

«የኋላዎቹ ግን በደህና ይዞራሉ» አለች። «የእጅ ፍሬኑ የፊቶቹን ብቻ ነው እንዴ የያዘው?»

የይታያል እጅ ጣሳው ውስጥ ቀረ። እሱ አፉን ሳይከፍት፣ አጠገባቸው የቆመው ሚኒባስ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሙዝ የሚልጥ ሹፌር ጣልቃ ገባ። «የእጅ ፍሬን የፊት ጎማ ላይ ምን አገባው፣ እህቴ! የኋላውን ነው እንጂ የሚይዝ።»

«አንተ ሙዝህን ብላ!» ብሎ ጮኸበት ይታያል። ሰውየው ደንግጦ ሙዙን ጣለ። ይታያል ተሳፋሪ ላይ እንኳ የማይጮኽ ሰው ነው። ይታያል አንድ ነገር እንደሚደብቅ እስከዳር የገባት ያኔ ነው፤ ከቃሉ ይልቅ ጩኸቱ ነገራት።

ይታያል የሚኒባሱን በር ከፈተላት፤ ባዶው መኪና ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

«ታውቅ ነበር» አለችው። አንቱታዋ የት እንደገባ አልታወቀም።

«ሹፌር እኮ ነኝ፣ እስኩዬ። የእጅ ፍሬኑን ስለቅ የኋላው ለቀቀኝ። የተቸነከረ የፊት ጎማዋ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ሰው ሁሉ ፊት፣ ገዳይ ስትልህ፣ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? የፊቱ ነው ብል፣ የፊቱን ምን ያዘው ይሉኛል።»

«እሺ፣ ምን ያዘው?»

ይታያል መሪውን ይዞ በመስታወቱ ወደ ውጭ አየ። ረዳቶቹ «ደብረ ወርቅ! ደብረ ወርቅ!» እያሉ ይጣራሉ። በመጨረሻ «ዳሱ አያፈስም» አላት ቀስ ብሎ። «አባትሽ ነው የሠራው። በዝናብ ጠብ አይልበትም።»

እስከዳር መጀመሪያ አልገባትም። ዳሱ ካላፈሰሰ ውሃው ከየት መጣ? ከዚያ ፍልሰታ ትዝ አላት።

የአባቷ የሥራ ባልደረባ በጮቄ ቁልቁለት ተገልብጦ ከተረፈ ወዲህ ሥራነሽን የዚያ መንገድ ስጋት እንቅልፍ ይነሳት ነበር። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በላስቲክ ጠርሙስ ፀበል ታመጣና የመኪናዋን የፊት ጎማዎች ታስረጫለች። «ቀድሞ የሚሄደው ፊተኛው ነው፤ እሱን ሚካኤል ከጠበቀው ኋለኛው ይከተለዋል» ትላለች። በፍልሰታ ጾም ደግሞ በየቀኑ ታስቀድሳለች፤ ስለዚህ ፀበሉም በየቀኑ መጣ። ቤንዚን ከጠፋ ሰንብቷል፣ መኪናዋ ቆማለች፤ ቢሆንም መንገዱ የተከፈተ ዕለት ጌቱ ተጠብቆ ይውጣ ብላ አላቋረጠችም። ወገቧ ስለሚያማት ግን ጎንበስ አትልም። ጎንበስ የምትለው እስከዳር ናት። ጠርሙሱን በጎማው የብረት ቸርኬ ቀዳዳ አስገብታ ታፈስሰዋለች፤ እናቷም ከላይ ሆና «ውስጡ ድረስ፣ ልጄ፣ ውስጡ ድረስ» ትላታለች።

«ጋሼ» አለች እስከዳር። ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት። «ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፤ የፀበሉን ነገር ጌቱ አጫውቶኝ ነበር። የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽ። እናትሽም ባሏን ብላ ነው። ለሚሄድ መኪና ቢሆን ነፋስ ያደርቀው ነበር፤ ምንም አይሆንም። ለቆመ ብረት ግን ውሃ ውሃ ነው። ፀበሉ ምን አጠፋ? ማንስ ምን አጠፋ?»

«መኪናዋ ብትነሣ ኖሮ አባዬ ይተርፍ ነበር?»

ይታያል መሪውን ዳበሰ። «እሱን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው» አለ። «እኔ መሪ በጨበጥኩ ቁጥር እጠይቀዋለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም።»

ዓይኑ ቀላ። እጇን ይዞ ሁለቱን ቡለኖች መዳፏ ውስጥ አስቀመጠና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈላት። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። እኔን መጥላት ችላበታለች፤ ትጥላኝ ግዴለም፣ እችለዋለሁ። ራሷን መጥላት ከጀመረች ግን ከዚያ ማን ያወጣታል? ሆድ ይፍጀው፣ እስኩዬ።»

እስከዳር የሚኒባሱን በር ገፍታ ከፈተች። ቡለኖቹን ጨብጣ ወረደች።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ግቢ ገብታ ዲስኩ ፊት ተንበረከከች። ቀዳዳዎቹን በምስማር ጠረገች፤ እንዳላትም ሁለት ነበሩ። ቡለኖቹን አስገባች። በአሥራ ሁለት ቁጥር ቁልፍ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ። ምንም የለም። እንደገና አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ። በየመሀሉ እንባዋን በክንዷ ትጠርጋለች፤ ዝገቱ ከእንባዋ ጋር ተለውሶ ጉንጯን ቀይ አደረገው። ዓመት ሙሉ የጠላችው ሰው እሷን ለማዳን መጠላቱን ተሸክሞ ኖሯል። መንገድ ስትሻገርበት እያየ፣ እንደማታውቀው ስታልፈው እያየ፣ አንድ ቀን እንኳ «አንቺ እኮ ነሽ» አላላትም። እሷ ደግሞ እንኳን ሌላ ሰላምታውን ነፍጋዋለች። 

አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ።

ብረቱ ቋ! ብሎ ጮኸ። ነግሯት ነበር፤ ቢሆንም ደነገጠች። ዲስኩ ለቅቆ እጇ ላይ ወደቀ፤ ከባድ ነበር። ጀርባው ከፊቱ የባሰ ነው፤ ዝገቱ እንደ ቅርፊት እየተነሣ ረገፈ። ታቅፋው መሬት ላይ ተቀመጠች።

የግቢው በር ተንሿሿ። ሥራነሽ በነጭ ነጠላዋ ገባች፤ ከማኅበሩ የተረፈ ዳቦ በሶፍት ጠቅልላ ይዛላታለች።

«እሰይ የኔ ልጅ! አወጣሽው?» ፊቷ እስከዳር ከስንት ጊዜ ወዲህ ያላየችውን ብርሃን ይዞ ነበር። ቀርባ ዲስኩን ስታይ ግን ብርሃኑ ጠፋ። «እዪልኝ እስቲ! እዪልኝ የዚያን ሰው የእጁን ሥራ! ዛሬም አባ ይቅር በይ እያሉ ሲጨቀጭቁኝ ነው የዋሉት። እስኪ ይህን አይተው ይምከሩኝ። ያንን እጁን ይቁረጠው!»

እስከዳር ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ዝም ብትል ሁሉም በነበረበት ይቀጥላል። ዳቦውን ትበላለች፣ ሁለተኛውን ጎማ ትፈታለች፣ ሰኞ መኪናዋ ትሄዳለች። ይታያልም ከአጥሩ ውጭ እንደቆመ ያረጃል፤ እናቷም ቁርባን ሲደርስ ፊቷን ሸፍና ስትወጣ ታረጃለች። ብትናገር ደግሞ... ይታያል እውነቱን ነው፤ ከዚያ ማን ያወጣታል? በየትኛውም በኩል ሰው ይሰበራል። አሮጌ መኪና ስለሆነች በራሷ ዛገች ማለትም ይቻላል፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶላት ነበር።

«ምነው? አለቀስሽ እንዴ?»

«እማዬ፣ ቁጭ በይ።»

«ምን ሆነሻል?»

«ቁጭ በይልኝ።»

ሥራነሽ ነጠላዋን ሰብስባ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠች።

«የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው» አለች እስከዳር። «የኋላዎቹ አልያዙም፤ በጣት ይዞራሉ። ያን ቀን የያዘው የፊቱ ነው። ጋሼ አይደለም፣ እማዬ።»

«እና ማነው? የፊቱን ምን ያዘው ታዲያ?»

«ውሃ።»

«የምን ውሃ? ዳሱ እኮ አያ...»

አልጨረሰችውም። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ዓይኗ ከዲስኩ ወደ ጎማው፣ ከጎማው ወደ ቸርኬው ቀዳዳ ሄደ፤ እዚያው ቆመ።

«እኔ ነኝ ያፈሰስኩት!» አለች እስከዳር፤ እናቷ ሌላ ነገር ሳታስብ ለመድረስ እንደምትሮጥ ሰው። «በፍልሰታ፣ በየቀኑ፣ በራሴ እጅ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። አንቺ አልነካሽውም።»

ሥራነሽ ልጇን አየቻት፤ ዝገትና እንባ የተለወሰበት ፊቷን፣ ጥፍሯ ሥር ያለውን ጥቁር። «ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ» አለች።

 ዳቦው ከጭኗ ተንከባልሎ መሬት ላይ ወደቀ፤ አላነሣችውም።

«ይታያል ያውቃል?»

«ያን ቀን ነው ያወቀ። እንዳልነግርሽ ለምኖኛል።»

ሥራነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። በቀብሩ ዕለት ደረቷን እየደቃች፣ ስሙን እየጠራች ያለቀሰችውን ሴት ሰው ሁሉ ያስታውሳል። የዛሬው ልቅሶ ግን ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። «መኪናዋ ብትነሣ ኖሮ...» ብላ ጀመረችና ተወችው።

 እስከዳር የአጎቷን መልስ ልትደግምላት አሰበችና ለዚህ ሰዓት እንደማይሆን አወቀች። ዲስኩን አስቀምጣ ተጠጋቻት፤ በዘይትና በዝገት እጇ አቀፈቻት። ነጩ ነጠላ ላይ አምስት ጣቶቿ ታተሙ። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ብቻ ሳምንት ትቆጣት ነበር።

የጎረቤቱ ውሻ አንድ ሁለት ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። የዳሱ ጥላ ከመኪናዋ ላይ እየሸሸ የሁለቱን እግር ፀሐይ ላይ ተወው። ሥራነሽ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፤ ከዚያ ወደ በሩ እያየች፣ ድምፅዋ እንደሰለለ፣

«ይታያል ምሳ በልቶ ይሆን?» አለች።

«እንጃ» አለች እስከዳር።

ስልኳን ከኪሷ አወጣች። የአጎቷን ቁጥር አምና አጥፍታው ነበር፤ በቃሏ ግን ታውቀዋለች። እጇን ሹራቧ ላይ ጠርጋ ደወለች።